በሳንቲም ሆድ ውስጥ የተደበቀ ሰዓት

ከኔሻቴል ሐይቅ ዳርቻ የተነሳው ባቡር የዡራን ተራሮች ሽቅብ ወጥቶ ላ ሾ ደ ፎን ሲደርስ፣ የእንግዳን ዓይን ቀድሞ የሚይዘው የመንገዶቹ አሰላለፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች የስዊዘርላንድ ከተማ በማስመሪያ የተሰመረች ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ1794 እሳት ከበላት በኋላ እንደገና ስትገነባ፣ አንዱ ቤት የሌላውን ብርሃን እንዳይጋርድ ተብሎ በረድፍ ተሠራች። ነዋሪዎቿ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዓት ሠሪዎች ነበሩና። በዚሁ አሠራሯ ከጎረቤቷ ከለ ሎክል ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

የዚህች ከተማ እጆች ከሠሯቸው ድንቅ ነገሮች አንዱ የሳንቲም ሰዓት ነው። እዚሁ የተመሠረተው ኮሩም እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካንን የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም የእጅ ሰዓት አደረገው። ሳንቲሙ እንደ ዳቦ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሆዱ ይቦረቦራል፤ በመካከሉ ስስ የሰዓት ማሽን ይገባል። አንዱ ገጽ የሰዓቱ ፊት፣ ሌላው ጀርባው ይሆናል።

የኪስ ዓይነቶቹ ደግሞ ይበልጥ ምስጢረኛ ናቸው። ለተመልካች ተራ የወርቅ ሳንቲም ይመስላሉ። ጠርዙ ላይ የተደበቀውን ቦታ በጥፍር ጫን ሲሉት ክዳኑ ብድግ ይልና ሰዓቱ ብቅ ይላል። መልሰው ሲዘጉት የተሰነጠቀበትን መስመር ማግኘት ያስቸግራል።

የሥራው ፈተና ስስነቱ ነው። ሳንቲሙ 34 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውም ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቫሸሮን ኮንስታንቲን እ.ኤ.አ. በ1955 1.64 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማሽን መሥራቱ፣ ሰዓት ሠሪዎቹ ምን ያህል እንደተጨነቁ ያሳያል።

ሌላም ጭንቀት አለ። አሜሪካ እነዚህን ሳንቲሞች መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የሚሰነጥቀው እጅ አንዴ ከሳተ የተበላሸው በአዲስ አይተካም። ለዚህም ነው አንዳንድ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ነገሩን የሚያዝኑበት፤ ለእነሱ የተቦረቦረ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነው። ለእኔ ግን ካዝና ውስጥ ተኝቶ ከሚኖር ወርቅ፣ በየቀኑ በሰው ጣት እየተሞላ የሚመታው ይሻላል።

ወደዚያ ካቀኑ ዓለም አቀፉን የሰዓት ሥራ ሙዚየም ይጎብኙ፤ አብዛኛው ክፍሉ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሲወጡም ቀና ብለው የቤቶቹን መስኮቶች ይመልከቱ። ሙዚየሙ ውስጥ ያዩት ጥበብ የተሠራው በእነዚያ መስኮቶች ብርሃን ነው።