ዓይኗ ድረስ

በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ታላቅ እህቴ ቤሩት ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። አልፎ አልፎ ትደውላለች። እናቴ ግን ድምፅ ብቻ አልበቃትም። «ከስታ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። አንድ ቀን እህቴ በኢሜይል ፎቶ መላኳን ነገረችን።

ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበር። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳበታል፤ ስልኩ ላይ ሞደም ስለተገጠመ ኢንተርኔትም በደቂቃ ሒሳብ ይሸጥበታል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ባለቤቱ ወንበር ለቀቀላትና ሞደሙን አስደወለው። መጀመሪያ የስልክ ጥሪ ተሰማ፤ ቀጥሎ ፉጨት፣ ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ጩኸት።

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አለች ደንግጣ።

«አይፍሩ እትዬ፤ ማዶ ካለው ማሽን ጋር እየተነጋገረ ነው» አላት።

እውነቱን እንደነበር ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቢዝነስ ስማር፣ በአንድ የኮምፒውተር ኮርስ ላይ ነው። የስልክ መስመር የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው 0 እና 1ን ነው። ሞደም ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ ይልካል፤ ማዶ ያለው ሞደም ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። ያ ሁሉ ጩኸት ሁለቱ መስመሩን የሚፈትሹበትና በምን ፍጥነት ቢነጋገሩ እንደሚደማመጡ የሚስማሙበት ነው። የተለያየ ፋብሪካ ሠርቷቸው የሚግባቡት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጋራ ደንብ ስላወጣላቸው ነው። ቪ.34 የሚባለው ደንብ በሰከንድ እስከ 33,600 ቢት ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪ.90 ደግሞ ወደ ተጠቃሚው በሚመጣው አቅጣጫ እስከ 56,000 ያደርሳል። መስመሩ ላይ ጫጫታ ከበዛ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በቪ.42 ደንብ ደግሞ መንገድ ላይ የተበላሸው እንደገና እንዲላክ ይጠያየቃሉ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የገባው በዚሁ በር ነው።

አንድ ሜጋባይት ፎቶ በ33,600 ቢት ፍጥነት 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የእኛው ከዚያም የዘገየ መሰለኝ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በቀስታ ወረደ፤ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ከዚያ ፀጉሯ፣ ግንባሯ፣ ዓይኗ። እዚያ ላይ ቆመ። የባለቤቱ ትንሽ ልጅ ጓዳ ውስጥ በዚያው መስመር ላይ ያለውን ሌላ ስልክ አንስቶ «አሎ» ብሎ ነበር። እንደገና ለመጀመር የያዝነው ብር አልበቃም።

እናቴ ግማሹን ፎቶ ቆማ አየችው። «አልቅሳ ነበር» አለች።

እኔ ምንም አልታየኝም። ባለቤቱም «ኧረ ደህና ናት» አላት። እሷ ግን እስከ ቤት ድረስ አልተናገረችም።

እህቴ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ነገሩን አነሳሁባት። ፎቶውን የተነሳችው ደመወዟን በተከለከለችበት ሳምንት ነበር። እናታችን እንዳትሰጋ ብላ ፊቷን ታጥባ፣ ፈገግ ብላ ተነሳች። ፈገግታው ያለው ሳይወርድ በቀረው ግማሽ ላይ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ። «ፈጣን» የሚለውን ቃል ሳልጽፍ የማልፈው ሳምንት የለም። ኔትወርክ በተመቸ ቀን እናቴ በቪዲዮ ትደውልልኛለች፤ መልኳ ጥርት ብሎ ይታየኛል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አስደግፌ ላፕቶፔ ላይ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ባለፈው ወር እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ እማዬ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ አየችኝ።

«እስቲ ስልኩን ቀና አድርጊው» አለችኝ። «ዓይንሽን ልየው።»

ላፕቶፑን ከደንኩት።