ከማርሚታው በፊት ፍሬኑ

መስቀል ሲቃረብ በጉራጌ ምድር ሥራ ፈትቶ የሚቆም መኪና የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደየገጠሩ የሚጎርፈው ሕዝብ አውቶቡሱንም ሚኒባሱንም የዘመድ መኪናውንም ይሞላዋል። በየግቢው ሸራ ለብሳ የከረመች አሮጌ መኪና እንኳ በዚያ ሰሞን ሸራዋ ይገፈፋል፤ ባትሪዋ ቻርጅ ይደረጋል፤ ልጆችም ከኋላ ወንበር ይደረደራሉ። ይህን የምጽፈው ስለ እነዚህ መኪኖችና ከኋላ ስለሚደረደሩት ልጆች ነው።

የእኛ ቤት መኪና ቮልስዋገን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘይቷን የምቀይረው፣ ካንዴላዋን የማጸዳው፣ ችንጋዋን የማጠብቀው እኔው ነኝ። ረዳቴ የልጅ ልጄ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፤ የሞተር ድምፅ በመለየትም ከእኔ ይበልጣል። ዘንድሮ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ መጣና «አባባ፣ ቮልሷን ለምን እስፖርት አናደርጋትም?» አለኝ። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎታል፦ ሰፋፊ ቸርኬ፣ ፊቷን ዝቅ ማድረግ፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሩቅ የሚያስገመግም ማርሚታ።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የፖርሽ ስም የወጣላት የመጀመሪያዋ የስፖርት መኪና፣ 356 የምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትሠራ ብዙው ዕቃዋ ከቮልስ የተወሰደ ነበር። ቁመናዋ የሚያምረው ካርማን ጊያም ከሥሯ ብትታይ ቮልስ ናት። ስለዚህ ልጁ በዚህች ሽማግሌ መኪና ውስጥ የእሽቅድምድም ዘር ቢያይ አልፈርድበትም።

መኪናዋን ሸጦ አዲስ መግዛት ደግሞ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌዋን ይዞ መኖር ግድ ሆኗል። ደግነቱ ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ዕቃዋ ዛሬም መርካቶ ሱማሌ ተራ ጠይቆ ለሚዞር ሰው አይጠፋም።

ታዲያ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድ የማይናወጥ ሥርዓት ነበረን። የተጎዳ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታየው ጩኸቱ አይደለም፤ ትንፋሹ ነው። ቀጥሎ የደም ዝውውሩ። ፈጥኖ የሚገድለው ይቀድማል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የልጅ ልጄንም ከዝርዝሩ ላይ ምንም ሳይሰርዝ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በዚህ ጥያቄ እንዲመዝነው ነገርኩት፦ «ይህ ቢበላሽ ከኋላ የተቀመጠው ሕፃን ምን ይሆናል?»

የመጀመሪያው መልስ ፍሬን ሆነ። በኛ ዕድሜ ያለች ቮልስ አራቱም ጎማዋ ባለ ታምቡር ነው፤ የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ራሱን አያስተካክልም፤ በካቻቢቴ በእጅ መስተካከል አለበት። ከዚህ የባሰው የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቢያፈስ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል። ኋላ በተሠሩት መኪኖች መስመሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር በእኛዋ ላይም ሊገጠም ይችላል። እውነተኛ ማሻሻያ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የፍሬን ዘይትም ዕድሜ አለው። ከአየር እርጥበት እየሳበ ይከርማልና በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት። ውሃ የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ በመስመሩ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከወልቂጤ ወደ ግቤ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ የሚያድነው ከመነሻው ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዙ መውረድ ነው፤ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ መውረድ ነዳጅ የሚቆጥብ የሚመስለው ሰው ትርፉ ከኪሳራው ጋር አይመጣጠንም።

ሁለተኛው መልስ ትንፋሽ ነው፤ ይህም ልጁ ወደ ወደደው ማርሚታ ወሰደን። ቮልስ ሬዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። የውስጥ ማሞቂያዋም የሚሠራው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ የሞቀውን አየር ወደ ተሳፋሪው በማስገባት ነው። መገጣጠሚያው ከላላ ወይም ቱቦው በዝገት ከተበሳ፣ ከሙቀቱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል። ይህ እናቶቻችን «ከሰል አፈነው» የሚሉት ያው ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል፤ ኦክስጅኑም ቦታ ያጣል። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ደጋውን ስናቋርጥ ብርዱ ያስገድዳልና መስኮት ይዘጋል፣ ማሞቂያ ይከፈታል፤ ልጆቹም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እንቅልፉ የመንገድ ድካም ይሁን የጋዝ ከፊት ወንበር ሆኖ መለየት አይቻልም። ልጅ በመኪና ውስጥ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከተዝለፈለፈ መንገዱ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መኪናውን አቁማችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋምም ውሰዱት።

ሦስተኛው እሳት ነው። የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። በሁለቱ መካከል የብረት ቱቦ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ የጎማ ቱቦ አለ። ጎማው ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ቱቦውን በጣት ጎንበስ አድርጎ ማየት ነው፤ የተሰነጣጠቀ ከሆነ መቀየር አለበት፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑ ነው። ባትሪው ክዳን ከሌለው ከላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ሊነካና ሊያቀጣጥል ይችላል። በእኛዋ ላይ ክዳኑን መልሰን አሰርነው፤ ዱቄት ያለው ትንሽ የእሳት ማጥፊያም ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጥን። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፤ በኃይል ከተቀጣጠለ ውሃ ማፍሰስ ያባብሰዋል።

አራተኛው ጎማ ነው። አሮጌ መኪና ብዙ ስለማትነዳ ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ነፋሱ አራቱም ላይ እኩል እንዳይሆን ንገሩ። የቮልስ ክብደት ከኋላ ስለሆነ የኋላው ከፊተኛው ይበልጣል፤ እኛ ለራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ገደማ እናደርጋለን።

አምስተኛው ቀበቶ ነው። የእኛ መኪና ከኋላ ቀበቶ አልነበራትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑን ይገልጻል። ሕፃን ጉልበት ላይ ይዞ መሄድ ፍቅር ይመስላል፤ ግጭት ሲደርስ ግን ክንድ አይይዝም። ቀበቶ የሚታሰረው ከወንበሩ ወይም ከስስ ላሜራ ጋር ሳይሆን ከተጠናከረ የመኪናው አካል ጋር ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ አንዴ ስለተለጠጠ አይገዛም።

«ራሴ እሠራለሁ» ለሚል ሰው ድንበሩ የት ነው? ቤት ውስጥ ዘይት እንቀይራለን፤ 2.5 ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ እንደ ዛሬ መኪኖች የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ችንጋዋን በአውራ ጣት ጫን እናደርጋለን፤ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለች ልክ ናት። ይህች ችንጋ ማቀዝቀዣውን ነፋስ ስለምታዞር፣ እየነዳችሁ ቀይዋ የባትሪ መብራት ከበራች ወዲያው ቁሙ። ከመኪና ሥር መግባት ካለብን ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት መደገፊያ ይገባል። የፍሬን፣ የመሪና የብየዳ ሥራ ግን ወደ መካኒክ ይሄዳል። እኛ ከፈታነው በኋላም መካኒኩ ያየዋል። መድኃኒት ስንሰጥ ሁለት ነርስ የምናየው አንዳችን ስለማናውቅ አልነበረም፤ ሁለት ዓይን ስለሚሻል ነው።

የልጅ ልጄ ሁሉንም ሰማና «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ተሠርቶ እኮ ማንም አያየውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ፍሬን ለሠፈር ልጅ አይታይም፤ ማርሚታ ግን ከሩቅ ይሰማል። የሃያ ዓመት ወጣት እንዲታይለት መፈለጉን እንደ ጥፋት አልቆጠርኩበትም። ደግሞም ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ እስከዋለ ድረስ ከእኔ ጋር ውሎ መምጣቱ ነው፤ ይህን ለማጣት አልፈልግም። አያት የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ። ስለዚህ «አይሆንም» አላልኩትም፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አልኩት።

ተስማማን። የእሱን ገንዘብ ግማሽ አደረግኩለትና ባለ ሁለት መስመሩ ማስተር ሲሊንደር፣ አዲስ የፍሬን ሸራና የነዳጅ ቱቦ ተገዛ። ቀበቶው በመካኒክ እጅ ተገጠመ። ባለ 6 ቮልት የነበረው ኤሌክትሪኳ ወደ 12 ቮልት ስለሚቀየር የማታ መብራቷ ይጠነክራል፤ ይህ ቀጣዩ ሥራችን ነው። ፊቷን ዝቅ ማድረጉን ግን መንገዳችን ራሱ ከለከለው፤ ጉድጓዱም ጠጠሩም ሆዷን አይምርም። ማርሚታው ለከርሞ ቀርቷል፤ ያኔም መገጣጠሚያው አንድ በአንድ ይፈተሻል። ለጊዜው ቸርኬዎቹን በራሱ ምርጫ ቀለም ቀባቸው፤ ደማቅ ብርቱካንማ ነው። ከዕድሜዋ ጋር አይሄድም ብዬ ባስብም አልተናገርኩም።

መስቀልን ወደ ዘመድ ቤት የምንሄደው በእሷ ነው። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፦ ከኋላ ያሉት ሁሉ ቀበቷቸውን ሳያስሩ ሞተር አይነሳም።