ኮሎኒ ስቆጥር የተማርኩት

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመድኃኒት ቅጠሎች ጭማቂ የባክቴሪያን ዘረመል ይለውጥ እንደሆነ መፈተሽ ነበር። ዘዴው ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያዳበረው ነው። ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት የማይችል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ፣ በዝርግ ሳህን (ዲሽ) ውስጥ፣ ሂስቲዲን እምብዛም በሌለበት ምግብ ላይ ይዘራል። ዘረመሉ ተለውጦ ያጣውን ችሎታ መልሶ ያገኘው ብቻ አድጎ ኮሎኒ ይሆናል። ሥራው ቆጠራ ብቻ መስሎኝ ነበር።

1. የበቀለው ሁሉ ተለውጧል ማለት አይደለም።
አንደኛው ቅጠል ያለበት ዲሽ ላይ፣ ጭማቂ ካልጨመርኩበት ዲሽ ሦስት እጥፍ ኮሎኒ አገኘሁ። በደስታ ለአማካሪዬ ወሰድኩላቸው። ዲሹን ወደ መስኮቱ አንስተው ትንሽ ካዩት በኋላ «ቅጠሉ ውስጥ ሂስቲዲን ይኖር እንደሆነ አይተሃል?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። ቅጠል አሚኖ አሲድ እንዳለው እያወቅኩ፣ መርዝ ሰጠሁት ያልኩትን ባክቴሪያ ስመግበው ከርሜያለሁ። ጭማቂውን አሚኖ አሲዱ በሚለይበት ዐምድ አሳልፌ ስደግመው ብልጫው ጠፋ።

መጠኑን ስጨምር ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ዘወትር እንደ ስስ ጉም ከሥር የሚታየው እድገት ሳስቶ፣ በምትኩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ወጡ። እነሱንም ቆጠርኳቸው። አብዛኛው ባክቴሪያ በመርዙ ሲሞት፣ የተረፉት ጥቂቶች ለሁሉም የታሰበችውን ሂስቲዲን ተከፋፍለው ማደጋቸው ነበር እንጂ አንዳቸውም አልተለወጡም። የሁለት ወር ሥራ ጣልኩ።

2. ተክሉ መርዙን ቆልፎ ሊያስቀምጥ ይችላል።
ሳይካድ በተባሉት ተክሎች ውስጥ ያለው ሳይካሲን ከስኳር ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ ጥናት ሳይካሲን እንዳለ ሲሰጥ ሳልሞኔላን እንደማይለውጥ፣ ስኳሩ ተቆርጦ የሚቀረው ግን እንደሚለውጥ አሳየ። በሰውነት ውስጥ ቁልፉን የሚከፍቱት የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሌሎችን መርዞች የሚያነቃቸው ጉበት ነው፤ ለዚህም ነው ፈተናው ላይ የአይጥ ጉበት ዝግጅት የሚጨመረው። እኔ ውድ ነው ብዬ ግማሹን ሙከራ ያለ እሱ ሠርቻለሁ።

3. አንድ ዝርያ አይበቃም።
ቲኤ 98 የተባለው የሳልሞኔላ ዝርያ የዘረመል ፊደል ሲጨመር ወይም ሲጎድል ይይዛል፤ ቲኤ 100 ፊደል በፊደል ሲተካ። በአንዱ ብቻ የሠራ ሰው ግማሹን አያይም።

4. «ለውጥ አላመጣም» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም።
ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ኮሎኒ ላልጨመረ ቅጠል «ደኅንነቱ የተረጋገጠ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያን የሰረዝኩት ስለ ትግራይ ካነበብኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ በጉበት ሕመም ይሞቱ ነበር። ከእህላቸው ጋር አጌራተም የተባለ አረም ተቀላቅሎ ተገኘ። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ አለው፤ ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ራሱን ወደሚጎዳ መርዝ ይለውጠዋል። ከእነዚህ አልካሎይዶች ብዙዎቹ በሳልሞኔላ ፈተና የሚያሳዩት ደካማ ምልክት ነው፤ ጭራሽ የማያሳዩም አሉ። በተቃራኒው፣ በየቀኑ ከምንበላው ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን በዲሹ ላይ ዘረመል ይለውጣል። ዲሹ የሚመልሰው ስለ ባክቴሪያው ነው፤ ስለ ሰው የሚለው ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲነበብ ብቻ ነው።

ዛሬ የመጀመሪያ ዲሽህን ይዘህ ከሆነ፣ ቁጥር ከመጻፍህ በፊት ከሥር ያለውን ስስ እድገት በማይክሮስኮፕ እየው።