ኅዳር 9

አጎቴ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ይነግዳል። በገበያ ቀን የሱቁ ደጃፍ በቋንቋ ይሞላል። ማረቆው በራሱ ቋንቋ፣ መስቃኑም በራሱ፣ ስልጤውም በስልጢኛ ይጀምሩና ዋጋው ላይ ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ወደ አማርኛ ይዞራል። እኔ ያደግሁት ወልቂጤ፣ ቸሃና ቀቤና በሚገናኙበት ገበያ ስለሆነ ይህ አይደንቀኝም።

ፕሮግራም መጻፍ ስማር ግን ኮምፒዩተርም የዚህ ዓይነት ገበያ እንዳለው ሳይ ደነቀኝ። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ሥራ በሌላ ቋንቋ ቢፈለግ እንደ አዲስ አይጻፍም፤ ካለበት ይጠራል። ተጠሪውን ላይብረሪ ይሉታል፤ መጻሕፍት ቤት ማለታቸው ሳይሆን ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው የትእዛዝ ክምችት ነው። አስታራቂው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ሲ የሚባለው ነው። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የሚማረው ፓይተን እንኳ ከባድ ስሌት ሲገጥመው በሲና በፎርትራን የተጻፈውን ይጠራል። ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የቀረበ ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ ግን አልወጣም።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ ገበያ አልጎደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሁሉም በየፊናው የየራሱን ኮድ በሚጠቀምበት በዚያ ዘመን፣ ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት የተባለ ላይብረሪ በሲ ጻፈ፤ ከፐርል ቋንቋ የሚጠራበትንም በር አበጀለት። ፊደልን ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ይለውጣል፤ የእኛን ቀን ከፈረንጁ ቀን ጋር ያገናዝባል።

እኔም ደፈርሁ። አጎቴ ከገበሬው በርበሬ በዱቤ እየወሰደ የሚከፍልበትን ቀን ደብተር ላይ ያሰፍራል። ደብተሩን በፓይተን ፕሮግራም ልተካለት ተነሣሁ፤ ቀኑን የሚለውጠውን ክፍል ግን ራሴ አልጻፍሁም፤ አንድ ጓደኛዬ ድሮ በሲ የሠራውን ጠራሁ። መስከረም 1ን ሰጠሁት፤ መስከረም በፈረንጁ 11 ብሎ መለሰልኝ። ደስ አለኝ። ቡታጅራ ወስጄ ገጠምሁለት።

ኅዳር 9 ቀን አንዲት እናት በአጎቴ እጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ገንዘባቸውን ሊቀበሉ መጡ። አጎቴ ስክሪኑን አየ፤ «ቀሪ 174 ቀን» ይላል። «ገና ነው እኮ፣ እናቴ» አላቸው። ወረቀቱን አሳዩት። የገዛ ጽሑፉን ትቶ የእኔን ማሽን አመነ። ሴትዮዋ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አጎቴ የደወለልኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ አድሬ ንጋት ላይ አገኘሁት። የጓደኛዬ ሥራ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ወሩን ይጠብቃል፤ እኔ ወሩን አስቀድሜ እሰጠው ነበር። ስለዚህ ኅዳር 9 ግንቦት 3 ሆነ። መካከሉን ቢቆጥሩት በትክክል 174 ቀን ነው። ፓይተን ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ወር ይህ፣ ቀን ይህ» እያልሁ በስማቸው ማቀበል እችል ነበር። ከፓይተን ወደ ሲ ሲሻገሩ ግን ስሞቹ ኬላው ላይ ይቀራሉ፤ የሚያልፉት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ሦስት ቁጥር እስከደረሰው ድረስ አይጠይቅም። ስሕተት የሚል መልእክት አልወጣም፤ ፕሮግራሙም አልቆመም። ቆሞ ቢሆን ምን ነበረበት! ፈተናዬስ? መስከረም 1 ቀኑም 1፣ ወሩም 1፤ ቢገለብጡት ያው ነው። ከ365 ቀን መርጬ የፈተንሁት ስሕተቴን የሚደብቅልኝን ነበር።

አጎቴ ያንኑ ዕለት ገንዘቡን ከፍሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁ። በዓመቱ ግን ሴትዮዋ በርበሬያቸውን ያራገፉት ጎረቤቱ ነጋዴ ዘንድ ነው። ይህን በስልክ ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱን ከመስከረም 1 ጀምሬ አስረዳሁት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «እንግዲያው አንተ ልጅ፣ ስትፈትን ኅዳር 9ንም ጨምርልኝ» አለኝ።

ጨምሬዋለሁ። እሱ ደግሞ አዲስ ደብተር ገዝቶ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጧል።