ፈረሱ መቃብር አለው

ዛሬ ጠዋት ኔትወርኩ ብቅ ሲል የእህቴ ልጅ ከጎንደር የላካቸው ፎቶዎች ተግተልትለው ገቡ። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው እዚያ ነው። ትናንት ከዶርም ጓደኞቹ ጋር ፋሲል ግቢን ሲጎበኝ ውሏል። ግማሾቹ ፎቶዎች ላይ ግንቡ ሳይሆን ጥርሱ ነው የሚታየው። ይሳቅ! ከጋምቤላዋ ፑኝዶ ተነስቶ እዚያ የቆመ ልጅ ካልሳቀ ማን ይሳቅ? አንዱ ፎቶ ላይ ግን እሱም የለም፣ ቤተ መንግሥቱም የለም። የአጥሩ በር ብቻ። ከሥሩ «አጎቴ፣ ይኼ ባልደራስ በር ነው። አስጎብኚው እዚህ ጋ አልቆመም» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም።

ባልደራስ እኮ የንጉሡ ፈረሶችና ፈረሰኞች አለቃ ነው። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር የኖረው ቤተ መንግሥት ነው መሬት ላይ የረጋው። ንጉሡ ሲረጉ ጭፍራውም አብሮ ረጋ። ወደ 900 ሜትር የሚሆነው አጥር፣ አሥራ ሁለቱ በሮች፣ የፋሲል ቤተ መንግሥት ማዕዘኖች ላይ የተተከሉት ክብ ማማዎች፣ የፈረሶቹ ጋጣ፣ ይህ ሁሉ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው ይፈልጋል። በሩን ማታ የሚዘጋ፣ ፈረሱን የሚያጠጣ፣ በብርድ ማማ ላይ የሚያነጋ። ጎብኚው የሚሰማው ግን የፋሲልን፣ የኢያሱን፣ የምንትዋብን ታሪክ ነው። ይሰማ፣ ደስ ይለኛል። ግን ከፋሲል መዋኛ አጠገብ የዞብል መቃብር የሚባል ባለ ጉልላት ቤት አለ። ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነው ይባላል። ፈረሱ መቃብር አለው። ዞብልን ሲቀልብ የኖረው ሰውስ?

አባቴ ጎንደር ነበር። የቆያችሁ ታውቃላችሁ፣ ለአዲሶቹ ነው የምነግረው። ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ከቀዬአችን ከጎግ ወስደውት አዘዞ ካምፕ ገባ። አማርኛን የተማረው በትእዛዝ ነው። ልጆች ሳለን ማለዳ ወደ እርሻ ሲወስደን «ተጠንቀቅ!» ብሎ ያሰልፈናል፣ ማረሻ የማታክለው ታናሽ እህቴ ሳትቀር ደረቷን ትነፋለች፣ እናቴ ከጎጆው ደጃፍ ሆና ትንፋሿ እስኪቆም ትስቃለች፣ «አሳርፍ!» ሲል ሁላችንም መሬት ላይ እንዘረጋለን። እሁድ ፈቃድ ሲያገኝ ጃንተከል ዋርካ ሥር ሄዶ ይቀመጥ እንደነበር ይነግረን ነበር። ግቢውን ግን ገብቶ አላየውም። ለምን ስንለው «የወታደር ልብስ ለብሶ በሰው ቤት ውስጥ ዞር ዞር አይባልም» ይላል።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንዲት ኮዳ ይዞ መጣ። ቀለሟ ተልጦ እስክታልቅ ድረስ ወደ እርሻ ውኃ የምንወስደው በእሷ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቢሮ ማስረጃ ሊጠይቅ ሄደ፣ እኔም አብሬው ነበርኩ። መዝገቡን ያገላበጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን ሳታየው «ፋይልዎ የለም» አለችው። እግሩ ላይ የጥይት ጠባሳ ያለበት ሰው! ሱሪውን ሰብስቦ ሊያሳያት ሲል እጁን ያዝኩት። እንዲህ ሆኖ እንዲታይ አልፈለግሁም። ፋይሉ ሳይገኝ ነው የሞተው። ይኼን ሳስብ ዛሬም ጉሮሮዬ ይዘጋል።

እና የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የሚይዝ ሙዚየም ያስፈልገናል ስል «እኛ ጋ ግንብ ስለሌለ ሙዚየም ምን ያደርግልናል» ለምትሉኝ ልጆች ልመልስላችሁ። ጣሊያን ፋሲል ግቢን የጦሩ መምሪያ አደረገው፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሲደበድበው የኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎዳ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ይኼን ሁላችንም ተምረነዋል። ያው ጦርነት ግን እኛም ደጃፍ ነበር። በመጋቢት 1933 ጋምቤላን ከጣሊያን ካስለቀቁት መካከል በቤልጅየም መኮንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። ከባሮ ዳር ወደ ሳዮ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ተራራ ወጡ። ከጥይቱ ይልቅ በሽታው ፈጃቸው። ሰኔ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጣቸው። የኮንጎ ልጅ የእኛን ወንዝ ተሻግሮ፣ ለእኛ ተራራ ሞቶ፣ የእኛ ተማሪ ስሙን አልሰማም!

ፑኝዶስ? ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. እዚሁ ሜዳ ላይ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ እናት አባት ያልተከተሏቸው ወንዶች ልጆች በሺዎች ሰፍረው ነበር። ጠመንጃ የጨበጡም ነበሩባቸው። በ1983 ግንቦት ሲባረሩ ጊሎ ወንዝ ስንቱን ወሰደ። ታላላቆቻችን ያዩት ነው። ግንብ ስላልነበረ አልተደረገም ልንል ነው?

ባልደራስ በር አጠገብ አንዲት ክፍል ትከፈት። የዘበኛው፣ የፈረስ ቀላቢው፣ የተራው ወታደር ነገር ይነገርባት፤ ከጎግ የሄደውም ይግባባት። ጋምቤላ ከተማም አንድ ቤት ይሰየም። ባህልና ቱሪዝም የምትሠሩ ልጆች እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካምፕ ያደሩት አባቶች እያለቁ ነው። ሄዳችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። መቅጃ የለንም ካላችሁ የእኔን ስልክ ውሰዱ።