ሣሩ የሚያርፍበት ተራራ

ባልና ሚስት የሆናችሁ ውድ አንባቢያን፣ ሁለታችሁ ብቻ መንገድ ከወጣችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለኮንፈረንስ ማለቴ አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ምግብ የሚበሉበት ጊዜ እንኳ ባጡ ጊዜ ገለል ብለው እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፡31)። እስቲ ዛሬ ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ!

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ትወጣላችሁ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ጋ ሳትደርሱ ወደ ግራ ስትታጠፉ የመሐል ሜዳ መንገድ ይቀበላችኋል። በዚያው አካባቢ «የምኒልክ መስኮት» ከሚባለው ገደል አፋፍ ቆማችሁ ቆላውን ቁልቁል ተመልከቱ። መዘዞን አልፋችሁ ስትሄዱ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና የድንጋይ ቤቶች ይከተሏችኋል። ብርዱ ብርቱ ነውና ጋቢ ያዙ፤ የመንዝ ሰው ዝተትና በርኖስ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። መሐል ሜዳ ከመግባታችሁ በፊት ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጓሳ ይገኛል።

ጓሳ የሣር ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ይህን ሣር ይጠብቁት እንደ ነበር ይነገራል። ለዓመታት ዘግተው ያሳርፉታል፤ ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ። እግዚአብሔርም ለእስራኤል ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ አዝዞ ነበር (ዘሌ. 25)። የእናንተስ ትዳር የተከለለ ጊዜ አለው? ወይስ ሥራው፣ ዘመዱ፣ ስልኩ፣ አገልግሎቱ ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ይግጠዋል?

በጓሳ ከጅብራው መካከል ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶዎች ሆነው ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ያሉትም በአገራችን ብቻ ነው። ቀበሮው ከጭላዳ ግልገል አጠገብ እያለፈ አይነካውም፤ የሚያድነው አይጥ ነው። በዚያው የተመራመሩ ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ። አንድ ጊዜ ግን አንድ ቀበሮ ግልገል ያዘ። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ ተመልሶ ሲመጣም አላስጠጉትም።

ይህን ያነበብሁ ዕለት ስለ ትዳር አሰብሁ። ኢሳይያስ ያየው ተኩላና ጠቦት አብረው የሚያድሩበት መንግሥት (ኢሳ. 11፡6) ገና ሙሉ በሙሉ አልተገለጠም። ሆኖም ጥርስ ያለው ጥርሱን በማይጠቀምበት ቤት ሁሉ ጥላው ይታያል። ወንድሜ፣ ሚስትህ አጠገብህ ያለ ፍርሃት ትቀመጣለች? እኅቴ፣ ባልሽ ድካሙን ሲነግርሽ ነገ በጠብ ሰዓት እንደማታነሺበት ያውቃል? መተማመን በብዙ ቀን ይገነባል፤ በአንድ ንክሻ ይሰደዳል። የእኛ ከጭላዳዎቹ የሚለየው፣ በክርስቶስ ደም ንስሐና ይቅርታ ስላለን ነው። ሆኖም ይቅር የተባለም ሰው መታመንን በትዕግሥት ሊያስመልስ ይገባዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ይህ መንገድ ለብዙዎች አስጊ ሆኗል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ሰላም ካልሆነ ቆዩ። በብርዱ ላይ ፍርሃት ለተጨመረባቸው የመንዝ ቤተሰቦችም በማታ ጸሎታችሁ አስቧቸው። እስከዚያ በሳምንት አንድ ምሽት ዝጉና ለሁለታችሁ አሳርፉት። ለዚህ መኪናም ነዳጅም አያስፈልግም። የሰላም አለቃ ቤታችሁን ይጠብቅ!