ትንሿ መንደራችን በክፋር ማርሞሬክ

  ዛሬ አዲስ ለገባችሁ ቤተሰቦች ልናስተዋውቃችሁ የፈለግነው ቦታ በረሆቮት ከተማ የሚገኘውን ክፋር ማርሞሬክን ነው። የምናሳያችሁ ግን ሰፈሩን ብቻ አይደለም። በዚሁ ሰፈር፣ በአንድ ጎረቤታችን መኪና ማቆሚያ ጣራ ሥር፣ በአሮጌ የእንጨት በር ላይ የተሠራች ሌላ መንደር አለች። ርዝመቷ 2 ሜትር፣ ወርዷ 80 ሳንቲሜትር ነው። የሠራናት እኛ ነን፤ ገናም አላለቀችም።

በመጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ጥቂት እንበል። ረሆቮት እ.ኤ.አ. በ1890 የተቆረቆረች፣ በብርቱካን እርሻዋ ለረጅም ዘመን የታወቀች ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎችም በብዛት እንኖርባታለን፤ በተለይ ቂርያት ሞሼ የተባለውን ሰፈር የማያውቅ የለም። «ክፋር» በዕብራይስጥ መንደር ማለት ነው። ክፋር ማርሞሬክ ዛሬ ከከተማው ጋር የተያያዘ ሰፈር ቢሆንም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲመሠረት በእውነትም መንደር ነበር። የመሠረቱት ከየመን የመጡ አይሁድ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1912 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በኪኔሬት ባሕር ዳር ሰፍረው፣ ወባውን ችለው፣ መሬቱን አልምተው 18 ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ በ1930 ከቦታው እንዲለቁ ተደረገ። ወደዚህ የመጡት በፈቃዳቸው አልነበረም ማለት ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልረሱትም።

የሰፈሩ ስምም የራሱ ታሪክ አለው። ኦስካር ማርሞሬክ በ1863 ተወልዶ በ1909 ያረፈ የቪየና አርክቴክት ነበር፤ ከሄርጽል ጋር አብረው ከሠሩት የጽዮናዊነት መሪዎች አንዱ ነው። በሙያው ከሠራቸው ሥራዎች መካከል ግን እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። በ1892 በቪየና በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የጥንቷን ቪየና አደባባይ አስመስሎ ሠራ። በ1895 ደግሞ በዚያው ከተማ መናፈሻ ውስጥ የጣሊያንን የቬኒስን ከተማ፣ ከነቦዩና ከነጀልባው፣ አስመስሎ አቆመ። ሰው ወደ ሩቅ አገር ሳይሄድ በዚያ እየተዘዋወረ ያይ ነበር። እኛም ይህን ስንሰማ፣ «እንግዲያው የሰፈሩ ስም አውጪ እንደኛው ነበር!» ብለን ሳቅን።

አሁን ወደ ትንሿ መንደር እንመለስ። ሥራው የተጀመረው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። እንደሚታወቀው እዚህ አገር ልጆች ባር ሚጽቫ በሚደርሱበት ዓመት ትምህርት ቤት «አቮዳት ሾራሺም»፣ ማለትም ስለ ቤተሰባቸው ሥር የሚጽፉት ሥራ ይሰጣቸዋል። ከመካከላችን የአንዱ ልጅ፣ ጎንደር ከተማ ተወልዶ ገጠሩን ያላየ፣ ቤታችንን ሣለ ብሎ አራት ማዕዘን ቤት በቀይ ሸክላ ጣራ ሣለ። አባቱ «እንዲህ አልነበረም» አለው። ልጁም «ታዲያ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ በዕብራይስጥ ለመናገር ቃሉ አጠረው፤ ልጁም አማርኛውን ግማሹን ብቻ ይሰማ ነበር። አባት ተነሥቶ የብስኩት ካርቶን ቀደደና ጎጆ ሠራለት። ያን ሌሊት አባትና ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ሲቆርጡና ሲያጣብቁ አመሹ። በማግሥቱ ጎጆዋን ያየ ጎረቤት «ጎተራው የት አለ?» አለ፤ ሌላው «ወንዙስ?» አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ቤተሰብ ሆንን።

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ በየቤቱ የመሰለውን ሠርቶ ሐሙስ ማታ ይዞ መጣ። ሲገጣጠም ጉድ ሆነ። በሸክላ ሥራ እጃቸው የታወቀ አንዲት እናታችን የሠሯት ዶሮ ከጎጆው በር በለጠች። አንድ ሽማግሌ አይተው፣ «እምዬ፣ ይቺ ዶሮ እኮ ቤቱን ከነሰዉ ልትውጠው ነው!» ቢሏቸው ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ከዚያ በኋላ ልክ ያስፈልጋል ተባባልን። ልክ በዕብራይስጥ «ክኔ ሚዳ» ይባላል። እኛ የመረጥነው 1 ለ50 ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው ቦታ 50 ሳንቲሜትር የሆነው በሞዴላችን 1 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሽማግሌዎቻችን ቤት የሚለኩት በክንድ ስለሆነ ነው። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «የቤቱ ወርድ 12 ክንድ ነበር» ሲሉን እኛ 12 ሳንቲሜትር እንቆርጣለን። «ምሰሶው 10 ክንድ» ሲሉ 10 ሳንቲሜትር። ሒሳብ ያልተማረ ሰው እንኳ መሐንዲስ ሆነ ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3 ሳንቲሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዶሮዋም እንደገና ተሠራች፤ አሁን ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም።

ቀጥሎ ያስቸገረን አፈሩ ነው። የረሆቮት አካባቢ ቀይ አፈር «ሐምራ» ይባላል፤ ለብርቱካን የተመቸ ቢሆንም አሸዋ የበዛበት ነው። ለግድግዳ ምርጊት ብናቦካው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ረገፈ። ወንዶቹ ሙጫ እንጨምር አልን። እናቶቻችን ግን «ቆዩማ» አሉን። አፈሩን በባልዲ ውኃ በጠበጡት። አሸዋው ቶሎ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ከላይ የቀረውን ድፍርስ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ለሁለት ቀን ተዉት። ጥሩው ጭቃ ከሥር ተኛ። እሱን በጨርቅ አጥልለው፣ በደቀቀ ጭድ አሽተው ሰጡን፤ ከለጠፍነውም በኋላ ፀሐይ ሳይነካው በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አዘዙን። አንድም ስንጥቅ አልታየም። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው በወለቃ የኛ ሴቶች አንበሳውንና ቄሱን ከሸክላ እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ያ እጅ ዛሬም አለ፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልጠፋም።

ለጣራው ክዳን ሣር ሞከርን፤ ለዚህ ልክ ግን ሣሩ እንደ ግንድ ወፈረ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የቃጫ ገመድ ነው። ገመዱን ፈትተን፣ በ3 ሳንቲሜትር ቆርጠን፣ ልክ እንደ እውነተኛው ክዳን ከታች ጀምረን ወደ ላይ እየደረብን አጣበቅነው። ማገሩ ከመጥረጊያ እንጨት፣ ማሰሪያው ከሻይ ከረጢት ክር፣ ምሰሶው ከብርቱካን ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። መቁረጫችን ጥፍር መቁረጫና ምላጭ ነው። የገዛነው ነገር ቢኖር የአናጢ ሙጫ ብቻ ነው፤ ሱቅ ገብታችሁ «ዴቬክ ናጋሪም» ብትሉ ይሰጧችኋል።

ሐሙስ ማታ ሁሉም የሳምንቱን ሥራ በትሪ ይዞ ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ አንዱ የሌላውን ያያል፣ ያርማል፣ ያደንቃል። ወንዙ በስንት እርምጃ እንደነበር፣ ለመንጻት የሚወረድበት መንገድ በየት በኩል እንደሆነ፣ መስጊዱ ከየትኛው ቤት ከፍ ብሎ እንደቆመ ክርክር ይነሣል። አንድ ጊዜ ግን ክርክሩ ወደ ጠብ ሊለወጥ ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አባታችን የአንጥረኛ ቤት ሠርተው መጡ። ወናፉን ከአሮጌ የቆዳ ጓንት ጣት፣ መስፉን ከምስማር ራስ ሠርተውታል፤ ጉጠቱም ሳይቀር አለ። ከጎልማሶቹ አንዱ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «አባባ፣ ይህንንስ ባናስቀምጠው ይሻላል» አለ። «ለምን?» አሉት። «ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሊያሳዩት ነው። እዚያ አገር ቡዳ ብለው የሰደቡን በዚህ ምክንያት አይደለም ወይ? ቀጥቃጭ እየተባልን ያደግነው ይበቃል፤ እዚህ ደግሞ በገዛ እጃችን አናሳይ።» ሌሎችም ደገፉት። ብዙዎቻችን ዝም አልን፤ ዝም ያልነውም እውነት ስላለው ነው። ስድቡን ያልቀመሰ አልነበረንም።

ሽማግሌው ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «የሰደበን ሰው ያረሰው በእኛ ማረሻ ነው። ያጨደውም በእኛ ማጭድ ነው። መሬት በሌለን ጊዜ ያበላን ይህ ከሰል ነው። እሱ ከሌለ መንደሯ በምን እንደኖረች ለልጁ ምን ብላችሁ ልትነግሩት ነው? የሚያፍር የሰደበው ይፈር።» ማንም አልመለሰላቸውም። ያን ማታ ሳንስማማ ተለያየን፤ ጎልማሳውም ለሁለት ሐሙስ ቀረ። በሦስተኛው ሐሙስ ሲመጣ በትሪው ላይ በጣም ትንሽ ማረሻ ይዞ ነበር፤ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተቆረጠች። «አያቴም ይሠራ ነበር» ብቻ አለ። የአንጥረኛው ቤት ዛሬ ከወንዙ በላይ ቆሟል፤ ልጆች በመጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ እሱ ነው።

ከጎረቤቶቻችን አንድ የየመን ሽማግሌ አሉ። የመኪና ማቆሚያው ጣራም የእርሳቸው ነው። መጀመሪያ ወንበር አምጥተው ዝም ብለው ያዩን ነበር። አንድ ቀን «ስንት ነው ልኩ?» ብለው ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ከወር በኋላ አንድ የድንጋይ የሚመስል የካርቶን ቤት ይዘው መጡ። ወላጆቻቸው በኪኔሬት ባሕር ዳር መጀመሪያ የተጠለሉበት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር የነበረበት ቤት ነው። እርሳቸው የተወለዱት እዚሁ ማርሞሬክ ነው፤ ቤቱን የሚያውቁት አባታቸው ሲያወሩ በሰሙት ነው። «የሰማኹትን ሁሉ ካርቶን ላይ አስገባሁት፤ የቀረው ከእኔ ጋር ይቀራል» አሉ። ቤታቸውን ከመንደራችን አጠገብ፣ ለብቻው በተሠራ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥነው። ልኩ አንድ ስለሆነ ጎረቤት ይመስላሉ።

እንደኛ መሥራት ለምትፈልጉ ቤተሰቦች ሁለት ቦታ ሄዳችሁ እንድታዩ እንመክራለን። አንደኛው በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም የሚገኘው የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ኢየሩሳሌም ሞዴል ነው። ፕሮፌሰር ሚካኤል አቪ ዮና አጥንተው ያሠሩት ሲሆን በ1966 በሆሊላንድ ሆቴል ግቢ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2006 ወደ ሙዚየሙ ተዛወረ። ያሠራው የሆቴሉ ባለቤት በ1948 ጦርነት ለሞተ ልጁ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ልኩ እንደኛው 1 ለ50 ነው። ሚሽና የቤተ መቅደሱን ቁመት 100 ክንድ ይለዋል፤ በሞዴሉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ከእኛ ጋር የሄዱት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ብዙ ቆመው ቀሩ። ኋላም፣ «መንደራችንን አምጥተን እዚህ ብናስቀምጣት ልኩ ይገጥማል ማለት ነው?» አሉ። ይገጥማል አልናቸው። አባቶቻቸው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ ስለኖሩ፣ ምን እንዳሰቡ አልጠየቅናቸውም።

ሁለተኛው በላትሩን ያለው ሚኒ እስራኤል ነው። በዚያ የአገሪቱ ታዋቂ ቦታዎች በ1 ለ25 ልክ ተሠርተው ይታያሉ። ለልጆች በጣም ደስ ይላል፤ አዲስ የገባ ቤተሰብም አገሩን በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። አንድ ጎጆ ብቻ ምረጡ። አያትን ወይም አባትን በክንድ ለክተው እንዲነግሩ ጠይቋቸው፤ ልጁ ይጻፍ። የሚጣል ካርቶን አትጣሉ። ስትሠሩ ልጆች ያበላሹብናል ብላችሁ አታባርሯቸው፤ የሚሠራው ለእነርሱ ነው። ከሁሉም በላይ ብቻችሁን አትሥሩ። አንድ ሰው የረሳውን ሌላው ያስታውሳል።

መንደራችን አላለቀችም ያልነው ስለ አንዲት ጎጆ ነው። ከመካከላችን አንዲት እኅት የወንድሟን ቤት ሠርታለች፤ ምሰሶውም ክዳኑም ሞልቷል። በሌሎቹ ቤቶች ደጃፍ ሰው፣ ፍየል፣ እንስራ አለ፤ በዚህኛው ደጃፍ ግን ማንም የለም። ወንድሟ ገና ጎንደር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። «ሲመጣ ራሱን ራሱ ይሥራ» ትላለች። እኛም ለእርሱ የሚሆን ጭቃ እንዳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልለን በየሐሙሱ ውኃ እናርከፈክፍበታለን።

በማርሞሬክ ስታልፉ ጎራ በሉ። ሐሙስ ማታ ቡና አለ። ቸር ያሰማን።